የልጄ መንጋጋ እና የውሰት ምላስ

ልጄ ወጡን በጭልፋ ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ላሰች። እንደገና ላሰች። ከዚያ ጭልፋውን ድስቱ አፍ ላይ አጋድማ፣ "እማ፣ ይሄ ውሃ ነው" አለችኝ።

እኔም ቀመስኩት። በርበሬው ከምላሴ ተነሥቶ ጆሮዬ ድረስ ወጣ። ጨው አለው፣ ቅቤ አለው፣ ኮረሪማው ሳይቀር ከኋላ መጥቶ ሰላም አለኝ።

"ይሄ ውሃ ከሆነ የረሃድን ወንዝ ምን ልንለው ነው?" አልኳት።

አልሳቀችም። ልጄ በቀልዴ የማትስቅ ሰው አይደለችም፤ ሳቋ ከአጥር ውጭ ይሰማል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ሐኪሙ "ሊመጣ ይችላል" ያለው ነገር መጥቷል። ኪኒኑ የምላሷን ጣዕም ወስዶታል።

ሌላ ሰው ቢሆን ችግር የለውም፤ ያገኘውን ጎርሶ ይተኛል። ልጄ ግን ኑሮዋ በምላሷ ነው። ገዳሪፍ ውስጥ ሠርግ፣ ክርስትና ወይም ተዝካር የደረሰበት ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው። ሱዳኖቹም ይጠሯታል። የእኛን ቀይ ወጥ "ዝግኒ" ይሉታል፤ ድግስ ላይ ዝግኒ ከሌለ እንግዳው ተመርቆ ሳይሆን አኩርፎ ነው የሚሄደው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን ያቆመችው፣ አንድ ልጇን አሳድጋ ከሰላ ከተማ የዳረችው በዚሁ ጭልፋ ነው።

እኔ ወደ እሷ ቤት የመጣሁት ለመሰንበት አልነበረም። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ከመተማ ገላባት፣ ከገላባት ዶካ፣ ከዚያ ደግሞ መፋዛ፤ በየቦታው ወይ ልጅ አለኝ፣ ወይ የልጅ ልጅ፣ ወይም አብራኝ ሰሊጥ ያጨደች ወዳጅ። ሻንጣዬ አንድ ፌስታል ነው። የወለደች አለች ከተባለ እሄዳለሁ፣ የሞተ አለ ከተባለም እሄዳለሁ፣ ምንም የለም ከተባለ ደግሞ ምነው ዝም አሉ ብዬ እሄዳለሁ። በዚያ ጊዜም በገዳሪፍ ሳልፍ ሳገድም ልጠይቃት ገባሁና ፊቷን ሳየው ፌስታሌን አስቀመጥኩት።

ቀኝ መንጋጋዋ አብጧል። እብጠቱስ አዲስ አይደለም። ከልጅነቷ ጀምሮ ጥርሷ ቦታ ይለቃል፣ ድዷ ይነፋል፣ መጥፎ ውሃ ወደ አፏ ይወጣል። ካርቱም ሰላም ሳለች እዚያ ተኝታ መንጋጋዋን ከፍተው ጠረጉላት፤ ዳነች ብለን እልል አልን። ተመለሰ። ደግመው ጠረጉት፣ ደግሞ ተመለሰ። እኛ ጥርስ ነው የምንለው። ጥርስ ደግሞ ይነቀላል፤ ስለዚህ ደህናውንም ክፉውንም ስታስነቅል ኖረች።

"አንድ ሐኪም መጥቷል አሉ" አለችኝ፤ "የመንጋጋ።"

ጦርነቱ ካርቱምን ሲበትናት ሐኪሞቹንም በትኗቸው፣ አንዱ ዕጣው ገዳሪፍ ደርሶ ከአንድ መድኃኒት ቤት ጀርባ ክፍል ተከራይቷል። ሄድን። ገና ወጣት ነው፣ ዐይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዐይን ነው፣ ግን እጁ ለስላሳ ነው። በዓረብኛ ነው የሚያወራው፤ እኔም የሱዳን ዳቦ ስንት ዘመን በልቼ ዓረብኛው አያቅተኝም።

ራጁን አየና አፏን አየ። ከዚያ አፏን ትቶ እጇን ያዘ። እኔ ሊያገባት ነው እንዴ ብዬ ነበር። መዳፏን ገልብጦ ወደ መስኮቱ አስጠጋው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አላት።

መዳፏ ላይ በመርፌ ጫፍ የተጠቀጠቀ የሚመስል ደቃቅ ጉድጓድ አለ፤ እዚህም እዚያም።

"የሰሊጥ ነው" አለችው። "አጨዳ ያመጣው ነው።"

እኔም ደገፍኳት። "የኛ አገር ሰው ሁሉ እንዲህ ነው ልጄ፤ የሰሊጥ አገዳ እጅ ያበላሻል።"

ሐኪሙ ፈገግ አለና፣ "ሀቦባ፣ የአንቺንም አሳዪኛ" አለኝ። ሀቦባ አያቴ ማለቱ ነው።

ሰጠሁት። ከልጄ እጅ በፊት ስንት ማሳ ያጨደ እጅ ነው። ቅርፊቱ እንደ ዛፍ ልጥ ጠንክሯል፣ ሰንጥቋል፤ ግን ያ የመርፌ ጉድጓድ አንድም የለበት። ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን ይዞ አንዴ የእሷን አንዴ የእኔን ሲያይ፣ እኔም አየሁ። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስናጭድ፣ አብረን ስንበላ፣ እጅና እጃችንን አስተያይተን አናውቅም።

"አባቷስ?" አለ ሐኪሙ።

አባቷ! ነፍሱን ይማረውና ባሌ የመንደሩ ቆንጆ ነበር። ግንባሩ ሰፊ፣ ዐይኖቹ ተራርቀው የተቀመጡ፤ ሲያዩት ሁለት ሰው የሚያይ ይመስል ነበር። እናቱም እንዲያው ነበሩ። እኛ ይህን የዘሩ ውበት ነው የምንለው፤ ልጄ ስትወለድ ግንባሯን አይተው "የእኛ ናት" ብለው ነው አማቶቼ የሳሙኝ። እና ባሌም መንጋጋው ያብጥ ነበር። በግራ ብቻ ያኝክ ነበር። መዳፉም እንዲሁ የተጠቃቀጠቀ ነበር፤ ሰሊጥ ነው ብለን።

ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳን። በዘር የሚወርድ ነው አለ። ሰፊው ግንባር፣ የተራራቀው ዐይን፣ የመዳፉ ጉድጓድ፣ መንጋጋ ውስጥ እየተመላለሰ የሚበቅለው ከረጢት፤ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ነጮች ላይ ሲወጣ የቆዳ ካንሰር እየደጋገመ ያመጣባቸዋል፤ እኛ ጠቆር ባልነው ላይ ቆዳው ይታገሣል፣ መንጋጋው ግን አይታገሥም። ቢሆንም ከፀሐይ ራቂ አላት።

"ገዳሪፍ ውስጥ?" አለች ልጄ።

እሱም ሳቀ። "በተቻለሽ መጠን" አለ።

ስንወጣ የገረመኝ በሽታው አይደለም። ለጥርስ፣ ለሰሊጥና ለቆንጆ ፊት ብለን ሦስት ቦታ የከፋፈልነው ነገር አንድ መሆኑ ነው። ከሰላ ያለችውን የልጅ ልጄንም አስጠርተን አሳየናት፤ መዳፏ ጥርት ያለ፣ መንጋጋዋም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ግንባሯም ጠባብ ነው፤ ያን ቀን ነው ጠባብ ግንባር ያማረኝ።

የልጄ ነገር ግን ቀላል አልነበረም። ትልቁ ከረጢት የመንጋጋውን አጥንት ከውስጥ በልቶ ቅርፊት ብቻ አስቀርቶታል። ሐኪሙ የሰጋው ጠንከር ያለ ነገር ስትነክስ እንዳይሰበር ነው። ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ግማሽ መንጋጋ ይሄዳል፣ ከዳሌ አጥንት ተወስዶ ይተካል፤ እሱም ገዳሪፍ ላይ አይሠራም፣ ባሕሩ ጋ ካለው ወደብ ከተማ ድረስ መሄድ ወይም ከአገር መውጣት ነው።

"ሌላ መንገድ አለ" አለ ሐኪሙ። "ለዚሁ በሽታ የቆዳ ካንሰር የተሠራ መድኃኒት ነው። የወሰዱት ሰዎች መንጋጋቸው ውስጥ ያለውም ከረጢት ሲያንስ ታይቷል። አያጠፋው ይሆናል። ግን ካነሰልን እዚሁ በትንሽ ቀዶ ጥገና እጠርገዋለሁ፤ መንጋጋሽም ይተርፋል።"

አብሮት የተማረ ጓደኛው ውጭ አገር ነበርና፣ በእሱ በኩል ተለምኖ፣ በሰው እጅ ከወደብ ከተማ ተንከባሎ መድኃኒቱ መጣ። በቀን አንዲት ካፕሱል ናት። እንዴት እንደምትሠራም ነገረን፤ ስንት ጊዜ አስደግሜው ነው የገባኝ። ሕፃን በማህፀን ሳለ እጅህ ይውጣ፣ ፊትህ ይውጣ እያለ የሚያሳድግ ትእዛዝ አለ አለ። ከተወለድን በኋላ ያ ትእዛዝ ዝም ይላል። የእነዚህ ሰዎች ግን ዝም አይልም፤ እደግ እደግ ሲል ይኖራል፤ የሚያድገው ግን ከረጢት ነው። ካፕሱሏ ያንን አፍ ትዘጋለች።

"ስለዚህ" አለ ጣቱን አንሥቶ፣ "እርጉዝ ሴት እንዳትነካት። የሚጸነስ ልጅ ላይ ክፉ ታደርጋለች። አንቺም እየወሰድሽ ሳለ፣ ካቆምሽም በኋላ ለብዙ ጊዜ ማርገዝ የለብሽም። ደም ለሰው መስጠትም የለም።"

"እኔ?" አለች ልጄ፤ "ከማን?"

ይህን ለጎረቤታችን ስነግራት ሳቋን ለማቆም የውሃውን እንስራ፣ ዚሩን፣ ተደግፋ ነበር። ጎረቤታችን የወሎ ልጅ ናት፣ እስላም፤ በድርቁ ጊዜ በእናቷ ጀርባ ሆና ነው ሱዳን የገባችው። ቤታችን አንድ አጥር፣ እሳታችን አንድ ነው። ልጄ ትልቅ ድግስ ስትይዝ ሽንኩርት ከታፊዋ እሷ ናት።

"ወላሂ እትዬ፣ ባል ልንፈልግላት ነበር፤ አሁን ሐኪም ከለከለን!" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያው እጇን ዘረጋች። "እስቲ አንዷን ስጪኝ፤ ጥርሴን ሰሞኑን ይጠዘጥዘኛል።"

እኛ ዘንድ መድኃኒት እንደ እርሾ ነው፤ አንዷ ቤት ካለ የሁሉም ነው። ራስ ምታቱም ወባውም በየቤቱ እየዞረ ነው የሚጠጣው። ልጄ ግን ካፕሱሎቹን በጨርቅ ቋጥራ ከዚሩ ሥር፣ ቅዝቃዜው ካለበት፣ በቆርቆሮ ከድና አስቀመጠቻቸው። "ይቺ አትዞርም" አለቻት። ጎረቤታችን አንድ ቀን አኮረፈች። በማግስቱ ሽንኩርቷን ይዛ መጣች።

መጀመሪያ ደህና ነበር። ቀጥሎ ባቷ ይጨመድዳት ጀመር፤ ቆማ ስታማስል ድንገት "ዋይ!" ትልና በአንድ እግሯ ትንፈራገጣለች፤ እኔ በቅባት አሻታለሁ። ቀጥሎ ፀጉሯ ሳሳ። ለዚያ ብዙም አላዘነችም፤ ሱዳን ቶብ የሚለበስበት አገር ነው፤ ሴቱ ሁሉ ከራሱ ጀምሮ ተጠቅልሎ ነው የሚሄደው፤ ከሥሩ ፀጉር ይኑር አይኑር ማን አይቶ። "ፀጉሩ የሚሄድበት ሰው ሱዳን ይምጣ" ትለኝ ነበር። ከአፏ የሚወጣው መጥፎ ውሃም ቆመላት፤ እብጠቱም በእጅ ሲነኩት እንደ በፊቱ አልነበረም። ተስፋ አደረግን።

እና ያ ቀን መጣ፤ ወጡ ውሃ የሆነባት ቀን።

ምላሷ የእኔ ምላስ ሆነ። "እማ፣ ቅመሽ" ትለኛለች፣ ጨው ጨምሪ እላታለሁ፣ በቃሽ እላታለሁ። መፋዛ ዘመድ ወልዳ "ምነው ቀረሽ" ብላ ትልካለች፤ እንዴት እሄዳለሁ? ልጄ ያለ እኔ ድስት አትከድንም። ዘላኗ እናት ምላሷን አከራይታ ቁጭ አለች።

ግን ምላሴ አርጅቷል፤ እውነቱን ልናገር። ለእኔ የሚጣፍጠው ለወጣቱ ይበዛበታል። ልጄም አላመነችኝም፤ እኔን አስቀምሳ ትሄድና ጎረቤታችንን ደግሞ ታስቀምሳለች። ጎረቤታችን ደግሞ ቅመሽ ሲሏት ማንኪያው ሲሞላ ነው የሚገባት።

የክርስትናው ቀን ነው የተበላሸው። አንድ የጎንደር ሰው ልጁን ክርስትና ሊያስነሣ ትልቅ ድስት ዶሮ አዘዛት። ልጄ በድሮ እጇ ጨው ጨመረች። እሷ ውሃ ልታመጣ ዞር ስትል እኔ ቀመስኩት፤ ገና ሳይበስል ስለነበር አነሰ መሰለኝ፤ እንዳላሳፍራት ብዬ ዝም ብዬ አንድ እፍኝ ጣል አደረግሁ። እኔ ከእሳቱ ስርቅ ደግሞ ጎረቤታችን መጣች።

ድስቱ ተከፈተ፣ ወጡ ቀረበ። እንግዶቹ በጨዋ ደንብ አንድ አንድ ጎረሱ። ከዚያ የውሃው ጣሳ መዞር ጀመረ፤ ዚሩ ሲያልቅ ሌላ ዚር ተጠየቀ። አንድ ሽማግሌ አፋቸውን ጠርገው፣ "ይህን ጨው የጫነች ግመል ከአፋር ስትመጣ አልደከማትም?" አሉ። ቤቱ ሁሉ ፈነዳ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ለክፋት አይደለም። ግን ልጄ ጓዳ ቆማ ትሰማለች።

"ማነው የጨመረው?" አለች።

ጎረቤታችን ቀደመችኝ። "እኔ ትንሽ። ያላደረግሽ መስሎኝ እኮ ነው እህቴ።"

"እኔም ያላደረግሽ መስሎኝ" አልኩ።

ልጄ አየችን። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ዕቃዋን ሰብስባ ቤት ስንደርስ የካፕሱሉን ቆርቆሮ ከዚሩ ሥር አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው። "ለሐኪሙ መልሺለት" አለች።

አልመለስኩትም። እሷን ግን ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ሰማትና በትዕግሥት ነገራት፤ "ብዙ ሰው ይህን መድኃኒት ያለ ዕረፍት አይችለውም። ጥቂት ሳምንት ዕረፊ። ግን ጨርሰሽ አትተዪው። እያነሰ ነው፣ አጥንቱ ግን ገና አልሞላም። አሁን ከተውሽው ተመልሶ ያድጋል፤ ያን ጊዜ መቁረጥ ነው።"

"መንጋጋው ቢተርፍልኝስ ዶክቶር?" አለችው። "ምን ላኝክበት ነው? ሁሉም ጭቃ ነው። ሥራዬም ሄደ።"

"መድኃኒቱ ሲቆም ጣዕሙ ይመለሳል" አለ ሐኪሙ፤ "ግን ቀስ ብሎ ነው።"

ቀስ ማለቱ እውነት ነበር። ካቆመችም ወዲህ ወጡ ውሃ እንደሆነ ሰነበተ። አዲስ ሥራ አልያዘችም፣ ጭልፋዎቿን አጥባ ግድግዳው ላይ ሰቀለቻቸው። የዕረፍቱም ጊዜ እያለቀ፣ ካፕሱል የሚለውን ቃል ስናነሣባት ፊቷን ታዞር ጀመር።

በዚያ መካከል ጾሙ ገባ። በዚያ ዓመት የእኛ ሁዳዴና የእስላሞቹ ረመዳን ተገጣጥመው ነው የመጡት። ገዳሪፍ ሁሉ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ከገበያው በላይ ያለ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ፣ ሁልጊዜ በረመዳን ለአላፊ አግዳሚው የሚያስፈጥር ሰው ነው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ከየቦታው የተፈናቀለው ብዙ ሆነና ሚስትየዋ የሚያበስል ሰው ፈለገች። ልጄን አስጠራቻት። ልጄ "አሞኛል በዪልኝ" ብላ ጎረቤታችንን ላከቻት።

ጎረቤታችን ሄዳ "እሺ ብላለች፤ ነገ ትመጣለች" ብላ ተመለሰች።

"ምን አደረግሽኝ!" አለች ልጄ።

"አብሽሪ፣ አይዞሽ። እኔም አለሁ፣ እትዬም አለች።"

በማግስቱ ከሰዓት ሦስታችንም ከነጋዴው ግቢ ነን። ግቢው ሰፊ ነው፤ በአንድ በኩል ዓሲዳ ይገነፋል፣ በሌላ በኩል ወይካ፣ የደረቀ ባሚያ፣ የተደረገበት ሙላሕ የሚሉት ወጥ ይንተከተካል፤ መሐል ላይ የልጄ የዝግኒ ድስት፣ ሰው የሚዋኝበት ድስት። ሽንኩርቱ በሰለ፣ በርበሬው ገባ፣ ሥጋው ገባ። ልጄ ጭልፋውን አንሥታ መዳፏን ሳይሆን የጎረቤታችንን መዳፍ ፈለገች።

"ቅመሽልኝ።"

ጎረቤታችን እጇን ሰበሰበች። "ጾም ነኝ እኮ!"

"ጫፉን ልሰሽ ትተፊዋለሽ። ይፈቀዳል ስትሉ ሰምቻለሁ።"

"ይፈቀዳል ይላሉ። የእኔ ምላስ አንዴ ከቀመሰች እንደማትተፋ አንቺም ታውቂያለሽ።"

ወደ እኔ ዞረች። "እማ።"

"ሥጋ እኮ ነው ልጄ" አልኩ፤ "በሁዳዴ!"

ወደ ባለቤቲቱ ዞረች። ባለቤቲቱ ከሩቅ በእጇ አፏን አሳይታ ሳቀች። የቤቱን ልጆች ጠራን፤ የጾሙበት የመጀመሪያ ዓመታቸው ነውና በኩራት አፋቸውን ዘግተው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። በዚያ ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ድስት መካከል፣ የሚቀምስ አንድ ሰው ጠፋ።

ልጄ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። ጎረቤታችን በመጀመሪያ ፈገግ፣ ከዚያ ሽንኩርት የያዘ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ሳቀች።

"ታዲያ ምን ሆንሽ? ዛሬ ሁላችንም ምላስ የለንም!"

ባለቤቲቱ ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ በዓረብኛ ነገርኳት። ሴትየዋ ገርሟት ልጄን አየቻት። "ባለፈው ዓመት በጾማችሁ ለልጄ ሠርግ ዝግኒ የሠራሽው አንቺ አይደለሽም? ያኔ ቀምሰሽ ነበር?"

ልጄ አልቀመሰችማ። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ፣ ከእስላም ቤት ተጠርታ ሥጋና ቅቤ ስትሠራ፣ አንዲት ጠብታ በከንፈሯ አልፋ አታውቅም። ያን ሁሉ ወጥ ሠርታለች፣ ያን ሁሉ ምስጋና ይዛ መጥታለች። ሽንኩርቱን በድምፁ፣ በርበሬውን በሽታው፣ መብሰሉን ዘይቱ ዳር ዳር ሲወጣ አይታ። ጨውን በእጇ። ስትጾም የምታውቀውን፣ ስትታመም ረሳችው። እኛም አብረናት ረሳን፤ እኔ ደግሞ እናቷ ነኝ።

ድስቱ ላይ ጎንበስ አለች። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው። ኪኒኑ ምላሷን ቢወስድም አፍንጫዋን አልነካባትም። በረጅሙ አሸተተችና ቀና ብላ፣ "በርበሬው ጥሬ ነው፤ እሳት ጨምሩ" አለች። ያ ድምፅ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር ከሰማሁት። ቀጥላ ጨው ያዘች፣ በመዳፏ መዘነችው፣ ትንሽ መለሰችና በተነችው።

"እማ፣ አንቺ ከጨው ዕቃው ራቂ" አለች። "አንቺም!"

ጎረቤታችን እጆቿን ወደ ላይ አነሣች።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወንዶቹ ትሪዎቹን ተሸክመው መንገድ ወጡ። ሱዳኖች በረመዳን ደስ የሚል ልማድ አላቸው፤ ምንጣፉን ከመንገድ ዳር ዘርግተው የሚያልፈውን መኪና እየገቱ ካልበላችሁ አታልፉም ይላሉ። ከዶካ የሚመጣ አንድ አውቶቡስ ቆመ፣ ተሳፋሪው ወረደ። እኛ ሴቶቹ ከግቢው በር ሆነን እናያለን። ልጄ ግን አላየችም፤ ጀርባዋን ሰጥታ የታጠበ ድስት ደግማ ታጥባለች።

አዛኑ ተሰማ። ቴምሩ ተቀመሰ፣ ውሃው ተጠጣ። ትሪዎቹ ሲመለሱ ባዶ ነበሩ፤ የዝግኒው ጎድጓዳ ሳሕን በዳቦ ተጠርጎ ያብረቀርቃል። አንዱ ሾፌር ጭማሪ እንዳለ ልኮ ጠየቀ።

ጎረቤታችን የራሷን ድርሻ አፏ ላይ እንዳደረገች ልጄ ፊት ለፊቷ ቆመች። "እውነቱን ተናገሪ።"

ጎረቤታችን አኘከች፣ ዋጠች፣ አሰበች። "ጨው ትንሽ ያንሰዋል።"

"ትንሽ ነው ብዙ?"

"ትንሽ። የሚያንሰው ለእኔ ነው፤ እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ።"

ልጄ ሳቀች፤ ሳቋ ከአጥር ውጭ ወጣ። ቤት ገብተን ጫማዋን ሳታወልቅ፣ "ካፕሱሎቹ የት አሉ?" አለችኝ። ከፌስታሌ አውጥቼ ሰጠኋት። አንዷን ዋጠችና ውሃዋን ጠጥታ፣ "ይሄስ ጣዕሙ አልተለወጠም" አለች።

ወሩን ሙሉ በአፍንጫዋ አበሰለች። አንዳንድ ቀን ያንሳል፣ አንዳንድ ቀን ልክ ይሆናል፤ አንድ ቀን ሙላሑ አርሮባት ሽታውን ከእኛ ሁሉ ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት። ከበዓላቱ በኋላም ሥራ መያዝ ጀመረች። አሁን "ቅመሽልኝ" የምትለኝ በመጨረሻ ነው፣ ያውም እኔን ደስ እንዲለኝ ይመስለኛል። ባቷ ሲጨመድዳት ትሳደባለች፣ ካፕሱሉን ግን አላቋረጠችም፤ ሐኪሙ ዕረፊ ሲላት ታርፋለች፣ ጀምሪ ሲላት ትጀምራለች።

ክረምቱ ገብቶ የገዳሪፍ ጭቃ ጫማ መብላት ሲጀምር ሐኪሙ አዲስ ራጅ አስነሣት። የድሮውንና የአዲሱን ጎን ለጎን አድርጎ ወደ መስኮቱ ያዘው። እኔ ራጅ አላውቅም፤ ግን ጥቁሩን ቦታ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም። በድሮው ላይ ትልቅ ጥቁር ዋሻ ነበር። በአዲሱ ላይ ዋሻው ጠቦ፣ ዙሪያውን ነጭ ነጭ ነገር ሞልቶበታል።

"ይሄ አጥንት ነው" አለ ሐኪሙ ነጩን በጣቱ እየዞረ። "አዲስ አጥንት። ሁለቱ ትንንሾቹ ከረጢቶች ሊጠፉ ምንም አልቀራቸው። ትልቁ አለ፣ ግን እኔ የምችለው ሆኗል። መቁረጥ የለም፣ ወደብ ከተማም የለም። እዚሁ እጠርገዋለሁ።"

ልጄ ራጁን ተቀብላ ብዙ አየችው። "ይመለሳል?" አለች።

"ሊመለስ ይችላል። ይህ በሽታ እንዲህ ነው፤ አይመለስም ብዬ አልዋሽሽም። በየጊዜው እያየንሽ እንኖራለን። ከተመለሰ ትንሽ ሳለ እናገኘዋለን።" ከዚያ ቀጠሮውን ከፈተ። "ሐሙስ ትመጫለሽ።"

"ሐሙስ አይሆንም" አለች።

ሐኪሙ ቀና አለ።

"ሐሙስ ሠርግ አለብኝ። ዝግኒ ነው፤ ቃል ገብቻለሁ።"

"ሠርጉ ነው ወይስ መንጋጋሽ?"

"ሁለቱም የኔ ናቸው ዶክቶር።"

ወደ እኔ አየ፣ እንድገሥጻት። እኔ ምን ልበለው? እንደዚህ ስትከራከር ካየኋት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር፤ ደስታዬን ለመደበቅ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ።

"እሑድ ይሁን" አለ በመጨረሻ። "እሑድ ጠዋት፣ ምንም ሳትበዪ።"

"ቅዳሴ ሳስቀድስስ?"

"ከቅዳሴ በኋላ" አለ ሐኪሙ፣ ብዕሩን እያስቀመጠ። እሷ ግን ጭቃውን እየዘለለች፣ ሱቆቹ ሳይዘጉ የሠርጉን ሽንኩርት ልትገዛ ወደ ገበያ ቀድማኝ ሄዳለች።